“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው ጽሑፍ እና ጾማችን



ረመዳን ከተጋመሰ በኋላ የገበያው መልክ ይለወጣል። ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ባለችው ሰዓት መርካቶ የወጣ ሰው ያውቀዋል። አንዱ የልጆቹን የዒድ ልብስ ታቅፎ፣ ሌላው ቴምርና ሳምቡሳ አንጠልጥሎ፣ ሁሉም ለፍጡር ለመድረስ ይጣደፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ሁሉ ሸክም መሃል የላፕቶፕ ካርቶን ማየት ተለምዷል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያለው ቤት፣ ከጅዳ ወይም ከዱባይ እህት ወንድም ገንዘብ የላከለት ቤት፣ ዕቁብ የወጣለት አባት፣ ሁሉም የሚገዛው እሱን ሆኗል።

ከተራዊህ በኋላ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎችም አብረው ተለወጡ። ድሮ መርፌ መወጋት ጾም ያበላሻል ወይ፣ ምራቅ መዋጥስ እንዴት ነው ይሉኝ ነበር። አሁንም ይሉኛል። በዚህ ረመዳን ግን ሦስት ሰዎች ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ አዲስ ተብሎ ተገዝቶ ትንሽ ጉድለት ስለተገኘበት ላፕቶፕ። ከሦስቱ አንዱ እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ከቤቴ ልጀምር።

ሴት ልጄ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓደኛዋ እየተዋሰች ነው የተማረችው። ዘንድሮ አጎቷ ከሪያድ ግማሹን ላከላት፣ ግማሹን እኛ ሞላን፣ በሻዕባን የመጨረሻ ሳምንት ከወንድሟ ጋር ሄዳ አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ ገዛች። ቤት ሲገባ እናቷ እጣን ልታጨስለት ምንም አልቀራት። በሦስተኛው ሌሊት ልጅቷ የቤት ሥራ ስትጽፍ አንድ ነገር አስተዋለች። “ለ” የምትጽፍበት ቁልፍ አንዴ ስትነካው አይሰማም። ጫን ብላ ሁለት ሦስቴ መምታት አለባት። አንዳንዴ ደግሞ አንዴ ነክታው ሦስት ጊዜ ይጽፋል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ስክሪኑ ጥሩ፣ ባትሪው ጥሩ፣ ፍጥነቱ ጥሩ።

ወንድሟ ነገሩን ያውቅበታል፤ ጓደኞቹ ሞባይል ጠጋኞች ናቸው። “አባ፣ አይልፉ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ‘የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም’ የሚል በትልቁ ተለጥፏል። ሦስት ቀንም ተጠቅመንበታል። ቴሌግራም ላይ ‘ስላይትሊ ዩዝድ’ ብለን እናውጣው፤ በሁለት ቀን ይሸጣል። ጥቂት ብር ጨምረን ሌላ እንገዛላታለን” አለኝ። ቁልፉን እንነግራለን ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሳውም። ሁለታችንም የገባን ይመስለኛል።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም አልኩ። በልቤ ስሌት እየሠራሁ ነበር። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። የሰበረችው ባለቤቴ ናት። ከማድ ቤት ሆና “ለማን ነው የምትሸጡት?” ብላ ጠየቀች። ልጁ “ለሚገዛ ሰው ነዋ” አላት። “የሚገዛውም ለልጁ ነው የሚገዛው” አለችና ወደ ሱሑሯ ዝግጅት ተመለሰች። ሠላሳ ዓመት ኪታብ የቀራሁት እኔ ነኝ፤ መስአላውን የፈታችው ግን እሷ ናት።

በልጅነቴ ደረሳ ሆኜ የሽያጭን ምዕራፍ ስቀራ ምሳሌዎቹ ሁሉ ስለ ግመል፣ ስለ ፍየልና ስለ ጨርቅ ነበሩ። የምትናከስ እንስሳ፣ ስትጋለብ አሻፈረኝ የምትል እንስሳ፣ እነዚህ “ዐይብ”፣ ማለትም ጉድለት ተብለው ተቆጥረዋል። የፊቅህ ሊቃውንት መለኪያቸው ግልጽ ነው። የዚያ ዓይነት ዕቃ በአብዛኛው ከእሱ ነጻ የሆነ፣ በነጋዴዎች ልማድ ዋጋ የሚቀንስ ወይም ዕቃው የተፈለገበትን ጉዳይ የሚያስተጓጉል ነገር ሁሉ ጉድለት ነው። በዚህ መለኪያ አሥር ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ቁልፉ ቢፋቅ ጉድለት ላይባል ይችላል፤ ከዓይነቱ የሚጠበቅ ነው። ከካርቶን የወጣ አዲስ ዕቃ ቁልፉ አልሰማ ካለ ግን ጉድለት ነው፤ ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ጉድለት ነው።

ልማድ የሚለው ቃል ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ከዱባይ የሚመጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን የዐረብኛ ፊደል አለባቸው። አንድ ወጣት ነጋዴ ይህ ደንበኞች ስለማይወዱት ዋጋ እንደሚቀንስለት ነገረኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ዋጋ ላይ ጨምሬ ብገዛው አይቆጨኝም። የአንዱ ጉድለት ለሌላው ጌጥ ነው። ለዚህ ነው ሊቃውንቱ ነገሩን ለገበያ ሰዎች እንጂ ለየሰዉ ስሜት ያልተዉት።

ጉድለቱ ገዢው ከመረከቡ በፊት የነበረ ከሆነና ገዢው ሲገዛ ካላወቀው፣ “ኺያሩል ዐይብ” የሚባል መብት አለው። ከፈለገ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ከፈለገ ባለበት ይይዘዋል። በሐንበሊዮች ዘንድ ሦስተኛም አለው፤ ዕቃውን ይዞ ጉድለቱ የቀነሰውን ያህል ዋጋ ማስመለስ ይችላል። ሻጩ ጉድለቱን አለማወቁ ከኃጢአት ያድነዋል፤ ከኃላፊነት ግን አያድነውም። ይህን ብዙ ነጋዴ ወንድሞቼ ይደባልቁታል። “እኔም አላወቅኩም፣ እንደታሸገ ነው የገዛሁት” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሆኖም እሱ ወደሸጠለት አስመጪ መሄድ ይችላል፤ ተማሪዋ ግን ከእሱ በቀር የምታውቀው የለም።

ታዲያ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍስ? እዚህ ላይ ቀስ ብለን ማየት አለብን፤ አንድ ጽሑፍ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች እየዋለ ነውና። አንድ ሰው ጤነኛ ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ቀለሙ አላማረውም፣ ሚስቱ አልወደደችለትም፣ ጎረቤት በርካሽ አገኘ እንበል። ይህ ጸጸት ነው። ሻጩ አልመልስም ቢል መብቱ ነው። ቢመልስለት ደግሞ ትልቅ ምንዳ አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተጸጸተ ሙስሊምን ሽያጭ ያፈረሰለት ሰው አላህ በቂያማ ቀን ስህተቱን እንደሚያልፍለት አስተምረዋል። እዚህ ድረስ ጽሑፉ ችግር የለበትም። ጉድለት ሲገኝ ግን ነገሩ ከጸጸት ይለያል። ሻጩ ከማንኛውም ጉድለት ነጻ ነኝ ብሎ በውሉ ቢያስገባስ በሚለው ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ይህን ውል ይቀበላሉ፤ ሻፊዒዮች እንዲህ ባለው ግዑዝ ዕቃ ላይ አይቀበሉትም። እኔ የቀራሁት በሻፊዒ ነው፤ የሐነፊውንም አከብራለሁ። ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ የደበቀን ሻጭ ከኃጢአቱ ነጻ የሚያወጣ መዝሀብ የለም። ወረቀት ለጥፎ ከአላህ ፊት መደበቅ አይቻልም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያሳውቅ ይጠይቀዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጊዜው ረጅም አይደለም፤ ደረሰኝም ያስፈልጋል። ቅናሽ እናድርግልህ ተብሎ ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ቅናሹን የከፈለው በዚህ መብቱ እንደሆነ ይወቀው።

እስካሁን ለገዢ የወገንኩ መስያለሁ። አሁን ወደ ገዢው ልዙር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጡቷ ታስሮ ወተቷ ስለተጠራቀመባት ፍየል የተናገሩትን የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። ሻጩ ለጥቂት ቀናት ሳያልብ አቆይቶ ገበያ ያወጣታል፤ ገዢው ጡቷን አይቶ ወተታም መስላው ይገዛል። ቤቱ ሲያልባት ይገለጥለታል። ታዲያ እሳቸው ለገዢው ምርጫ ሰጡት፤ ከወደዳት ይያዛት፣ ካልወደዳት ይመልሳት። በአንድ ዘገባ ምርጫው ሦስት ቀን ነው። ግን በዚህ አላበቁም። ሲመልሳት አንድ ቁና ቴምር አብሮ እንዲሰጥ አዘዙ። ለምን? የጠጣው ወተት አለና። የተታለለውም ሰው ቢሆን ለተጠቀመበት እንዲተሳሰብ ተደረገ። ይህን ሐዲስ ስቀራ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ አጽድቶ፣ ካርቶን ውስጥ መልሶ አሽጎ “ፓክድ” እያለ የሚሸጥ ነጋዴ የፍየሏን ጡት ያሰረው ሰው ነው። ወር ሙሉ ሠርቶበት፣ ፊልም አይቶበት፣ ፈተናውን ጨርሶበት “ጉድለት አለው፣ መልሱልኝ” የሚለው ገዢ ደግሞ ወተቱን ጠጥቶ ቴምሩን የከለከለው ሰው ነው።

ስለዚህ ጉድለት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መጠቀም ማቆም ነው። በሻፊዒዮች ዘንድ መመለስ የፈለገ ወዲያው መንቀሳቀስ አለበት፤ እንደ ልማዱ ማለት ነው፤ ሌሊት ያየ ሲነጋ፣ ሶላት ላይ ያለ ሲጨርስ። ሌሎቹ ጊዜ ቢሰጡትም ጉድለቱን አውቆ መጠቀሙን መቀጠሉ እንደ መውደድ ይቆጠርበታል ይላሉ። እኛም ቤት የተደረገው ይኸው ነው። ልጅቷ በዚያው ሌሊት ዘጋችው፤ የቤት ሥራዋን በብዕር ጨረሰች። አኮረፈችም፤ አልዋሽም። “አባ፣ ቁልፉ እኮ ሲጫኑት ይሠራል” አለችኝ።

በገዢው እጅ ሌላ ጉዳት ከደረሰበትስ? ይህን የሚመለከተው በዚህ ወር የቀረበልኝ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሁለት የጀማዐችን ሰዎች ከዐስር በኋላ ፊቴ ቆሙ። አንዱ ለልጁ ላፕቶፕ ገዝቷል፤ በአራተኛው ቀን ማጠፊያው ላልቶ ክዳኑ አልቆም ብሏል። ሻጩ ወድቆ ነው ይላል፤ ገዢው እንዲሁ ነው የላላው ይላል። ሁለቱም ጾመኞች፣ ከንፈራቸው የደረቀ። ሁለቱም ልማልልህ እያሉ እጃቸውን ወደ ቁርኣኑ ሰደዱ። እኔ ቁርኣኑን አነሳሁ። ነገ ሁለታችሁም የምታምኑት ጠጋኝ ይክፈተው፣ ከዚያ በፊት ማንም አይምል አልኳቸው። ሌሊቱን ከተራዊህ በኋላ ገዢው ብቻውን መጣ። ልጁ ከአልጋ ላይ ጥሎት ነበር። አባትየው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ያውቃል። “ሸይኽ፣ ማጠፊያው ከመጀመሪያውም ላላ ያለ ነበር፤ መውደቁ ትንሽ ጨመረበት እንጂ” አለኝ። ይሆናል። ምናልባት እውነቱን ነው። እንደዚያ ከሆነ ሊቃውንቱ ለዚህም መንገድ አላቸው። በገዢው እጅ አዲስ ጉዳት የተጨመረበትን ዕቃ ሻጩ በግድ ተረከብ አይባልም፤ የፊተኛው ጉድለት የቀነሰው ዋጋ ግን ለገዢው ይታሰብለታል። እውነቱን ቢናገር ኖሮ የሚገባውን ያገኝ ነበር። የሚገባውን ያጣው ሁሉንም ሊወስድ ሲል ነው። በማግስቱ ለሻጩ ራሱ ነገረው፤ እኔ አልነገርኩም። ሻጩ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና የጥገናውን ግማሽ እችላለሁ አለ።

ይህን ሰው ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የራሴ የሌሊቱ ዝምታ ትዝ አለኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ የጾምን ሕግ የዘረዘረባቸውን አንቀጾች ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃቸዋለን፤ ከ183 እስከ 187 ያሉት ናቸው። በ187ኛው አንቀጽ የጾመኛው ሌሊት ተነገረ፤ ጎህ እስኪቀድ መብላትና መጠጣት ተፈቀደ። ቀጥሎ የሚመጣው 188ኛው አንቀጽ ስለ ምን ይመስላችኋል? የሰዎችን ገንዘብ በከንቱ መንገድ አትብሉ የሚል ክልከላ ነው። የምግቡ ሐላል መብላት ተነግሮ ሳያበቃ የገንዘቡ ሐራም መብላት ተከተለ። እኛ ግን አንዱን አንቀጽ በረመዳን፣ ሌላውን በፍርድ ቤት እናነበዋለን። ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልቀመሰ ሰው ከዐስር በኋላ ቴሌግራም ላይ “ምንም ችግር የለበትም” ብሎ ሲጽፍ ከጾሙ ምን ተረፈው? ውሸትን ያልተወ ሰው ምግብና መጠጥ መተዉ ለአላህ እንደማያስፈልገው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል።

ከሻጭና ከገዢ ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ። በእኔ አስተያየት በዘመናችን ትልቁን ጥፋት የሚያጠፋው እሱ ነው። ደላላው፣ አብሮ የሄደው ጓደኛ፣ ዕቃውን ከዚህ በፊት የከፈተው ጠጋኝ፣ ሁሉም እያወቀ “አያገባኝም” የሚል ነው።

ስለ ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) የተዘገበውን ላስታውሳችሁ። ይህ ሰሐባ ከአህሉ ሱፋ፣ በነቢዩ መስጂድ ጥግ ከሚኖሩት ድሆች አንዱ ነበር። አንድ ሰው ከዋሲላ ግቢ ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሲላ ሽርጡን እየጎተተ ተከተለው። ጉድለቷን ነገሩህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ተገረመ፤ ግመሊቱ የሰባች፣ ላዩዋ ጤነኛ ናት። ዋሲላ ቀጠለ፤ የፈለግካት ለሥጋ ነው ወይስ ለመንገድ? ሰውየው ለሐጅ ነው አለ። ታዲያ ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ አለባት አለው። የግመሊቱ ባለቤት ተቆጣ፤ ገበያዬን ልታበላሽብኝ ነው ወይ አለ። ዋሲላም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማውን ነገረው፤ ጉድለቱን ሳይገልጹ መሸጥ ለማንም አልተፈቀደም፤ ያንን ጉድለት ላወቀም ሰው ዝም ማለት አልተፈቀደለትም።

ለሥጋ ወይስ ለመንገድ ብሎ መጠየቁን ተመልከቱ። ግመሊቱ ለሥጋ ብትሆን ቀዳዳው ምንም አይደለም። የጉድለት ትንሽነትና ትልቅነት የሚለካው ገዢው በሚፈልግበት ጉዳይ ነው። ቪዲዮ ብቻ ለሚያይ ሰው “ለ” የማይጽፍ ቁልፍ ምኑም አይደለም። መመረቂያ ጽሑፏን ለምትጽፍ ልጅ ግን የኮቴ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ትንሽ ናት ብዬ ዝም አልኩ የሚል ሻጭ የሰውየውን መንገድ ሳይጠይቅ ነው የፈረደው።

አሁን ወደ እኛው ላፕቶፕ ልመለስ። ይመለስ ብለን ተስማማን። ማን ይሂድ የሚለው ግን አከራከረን። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ አንዳንድ ጁሙዓ ከኋላዬ ይሰግዳል። እኔ ጥምጣሜን አድርጌ ብቆምበት አፍሮ ይመልስልኛል። ሊቃውንት በእፍረት አስጨንቀው የወሰዱት ገንዘብ በጉልበት እንደወሰዱት ነው ይላሉ፤ ባለቤቱ በልቡ አልፈቀደምና። ስለዚህ ልጆቹን ላክሁ። የማን ልጆች እንደሆኑ እንዳይናገሩ፣ ሦስት ቀን እንደሠሩበት፣ ምን ምን እንደጫኑበት፣ አለመውደቁንም እንዲናገሩ፣ ሌላ ምንም እንዳይጨምሩ ነገርኳቸው። ልጅቷን ደግሞ ፎቶዎቿንና የግል ነገሮቿን አስቀድማ እንድታጠፋ አሳሰብኳት። ለጥገና የሚሰጥ ላፕቶፕ ውስጥ የስንት ቤተሰብ ገመና እንዳለ ወላጆች ልብ አንለውም። ጠጋኝ ወንድሞቼም የሰው ፋይል አማና መሆኑን አትርሱ፤ የተሰጣችሁ ቁልፉን እንድታዩ ነው።

ባለሱቁ መጀመሪያ በጣቱ ግድግዳውን አሳያቸው። ልጄ ስለ መጸጸትና ስለ ጉድለት ልዩነት ከእኔ የሰማውን ሊነግረው ሞከረ፤ ነገሩ ሊካረር ሲል ልጅቷ ላፕቶፑን ከፍታ “እስቲ ስምህን ጻፍበት” አለችው። ስሙ ውስጥ “ለ” አለ። ሁለት ጊዜ ጻፈው፣ ሁለቴም አልሆነለትም። ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። የሚለውጥበት ሌላ አንድ ዓይነት ዕቃ እንደሌለው፣ ገንዘቡን ዕቃ አዞበት እንደሆነ ነገራቸው። ኪቦርዱን በአዲስ አስቀይሮ በሳምንት እንደሚመልስ፣ ዳግም ከተበላሸ ገንዘቡን እንደሚሰጥ በደረሰኙ ጀርባ ጽፎ ፈረመ። ልጅቷ ደውላ ጠየቀችኝ። “መብቱ ያንቺ ነው፤ ይመለስልኝ ካልሽ ልትጠብቂ ትችያለሽ፣ ይጠገን ካልሽም ይቻላል” አልኳት። በእውነት ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አላውቅም ነበር። ጠጋኝ የከፈተው ዕቃ እንደ አዲስ ይቆጠራል ወይ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው፤ ነገ ብትሸጠው መከፈቱን መናገር ይኖርባታል። እሷ ግን ፈተና ደርሶባት ነበርና ይጠገን አለች።

ሳምንት የተባለው አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቁልፉ አሁን ይሠራል። ከታች አንዲት ብሎን ጎድላ ነበር፤ ልጄ አይቶ አስገጠማት።

ለዒድ ለመግዛት ያሰባችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ ከእኛ ስህተት አንዱን ውሰዱ፤ ልጆቼ ካርቶኑን ሱቁ ውስጥ አላስከፈቱም። ለፍጡር እየቸኮሉ ነበር። ጠዋት ሂዱ። ባለሱቁ ፊት ይከፈት፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይነኩ፣ ስክሪኑ በነጭም በጥቁርም ይታይ፣ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ክዳኑ ይታጠፍ ይዘርጋ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ባለሱቆችም ይህን እንደ ጥርጣሬ አትቁጠሩት። ሩብ ሰዓት ነው። በመሐላ ከሚያልቅ ክርክር ያድናችኋል። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ከሆነ ዋስትናው እዚህ አገር እንደማይሠራ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ጽሑፉንም ማንሳት ካልፈለጋችሁ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ “ጉድለት ያለበት ዕቃ ግን እንቀበላለን” በሉ። ነጋዴ ሲከስር ደስ የሚለው ኢማም የለም። እውነት ተናግረው ጉድለቱን የገለጹ ሻጭና ገዢ በሽያጫቸው በረካ እንደሚያገኙ፣ የደበቁና የዋሹ ደግሞ በረካው እንደሚነሳባቸው የነገሩን ነቢይ ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ።

አንድ ያላለቀ ነገር ቀርቷል። ባለሱቁ ለኪቦርዱና ለጠጋኙ ከኪሱ ከፍሏል። ወደ ሸጠለት አስመጪ ቢሄድ እሱም ግድግዳውን አሳየው። የልጆቹን ማንነት በኋላ ሰምቶ ኖሮ፣ ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ጠበቀኝና “ሸይኽ፣ እኔ ያንተን ልጅ አልበደልኩም፤ እኔን ግን ማን ይየኝ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አስመጪው ከመስጂዳችን ብዙም ሳይርቅ ነው የሚኖረው፤ ሰላምታም አለን። ከዒድ በኋላ ከልጁ ጋር አብሬው ልሄድ ቃል ገብቻለሁ። ያን ቀን ጥምጣሜን አድርጌ ልሂድ ወይስ ትቼው የሚለውን ግን ገና አልወሰንኩም።